ያረጀ የናፍጣ ሞተርን በደብር ግቢ ስለ መጠገን
ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለካህናትና ለልማት ክፍል ኃላፊዎች የቀረበ ትምህርት



ጎብዬ በሰሜን ወሎ ዞን በራያ ቆቦ ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በምዕራብ ከላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ ከዞብል ተራሮች መካከል የተዘረጋው ለጥ ያለ ሜዳ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። «ጎብዬ» የሚለው ስም በግብርና ተመራማሪዎችም ዘንድ የታወቀ ነው፤ የማሽላ ጠላት የሆነውን አቀንጭራን ከሚቋቋሙ ዝርያዎች አንዱ በዚሁ ስም ይጠራልና። አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ ለብዙ ዘመን የደከሙት የአገራችን ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ነገር ግን ጥሩ ዘር ብቻውን እንጀራ አይሆንም። መሬቱ እርጥበት በያዘበት ሰዓት መታረስ አለበት። በራያ ቆላ ዝናቡ አጭርና የማይታመን ስለሆነ፣ ገበሬው ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው የማስገባት ጥንታዊ ጥበብ አለው። በጠለፋ የገባው ውኃ ግን በቆላው ፀሐይ ፊት ብዙ አይቆይም። በሬ ያለው በበሬው ይደርስበታል፤ በሬ የሌላት ባልቴት ደግሞ የሌላው ሰው እርሻ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ተራዋ ሲደርስ እርጥበቱ አልፏል። ለዚህ ነው በአንድ ደብር ወይም በአንድ ማኅበር እጅ ያለ አሮጌ ትራክተር መሥራቱና አለመሥራቱ የብረት ጉዳይ ብቻ የማይሆነው። በእርሻ ወቅት ለሁለት ሳምንት የቆመ ትራክተር የአንድ ዓመት እህል ሊያስቀር ይችላል።

ትራክተር የሌለው ደብርም ይህን ትምህርት አይለፈው። የወፍጮ ቤት ሞተር፣ ከጉድጓድና ከወንዝ ውኃ የሚስብ ሞተር፣ መብራት የሚሰጥ ጄኔሬተር፣ ሁሉም በናፍጣ የሚሠሩ ከሆነ ጠባያቸው አንድ ነው። በ2013 ዓ.ም መጨረሻና በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ራያ ቆቦን ሲያዳርስ ብዙ ንብረት ጠፍቷል፣ ተጎድቷል። አዲስ መግዛት ለማይችል ሁሉ ያለውን አንሥቶ መጠገን የመጀመሪያው አማራጭ ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። እነርሱም የናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ፣ ሕመሙ በምን እንደሚታወቅ፣ እንዲሁም በራስ እጅ የሚሠራው የትኛው፣ ወደ ባለሙያ የሚላከው የትኛው እንደሆነ ነው። የምንናገረው መካኒክ ላልሆነ፣ ነገር ግን ታጋሽና ጠንቃቃ ለሆነ ሰው ነው።

፩. መኪና ወደ አገራችን እርሻ እንዴት ገባ

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በሰርኪስ ቴርዚያን አማካይነት የመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ እስከ ዛሬ በሕዝብ ዘንድ ይታወሳል። ንጉሠ ነገሥቱ ለመኪና ሥራ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው። በ1900 ዓ.ም ደግሞ ባለእጅን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን መናቅ አገርን እንደሚያደኸይ ተረድተው ነበርና።

ትራክተር በብዛት የታየው ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። በ1960 ዓ.ም በስዊድን ርዳታ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት ለገበሬው ብዙ ጥቅም አስገኝቷል። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን በአካባቢው ትራክተር እየበዛ ሲሄድ፣ አንዳንድ ባለ መሬቶች ጭሰኛውን አስወጥተው በመኪና ማረስን መረጡ። መኪናው ሳይሆን የተያዘበት መንገድ ድኻውን ከመሬቱ ነቀለው። ይህን ታሪክ የምናነሣው በኋላ ስለ ተራና ስለ ፍትሕ የምንናገረው ስላለ ነው።

በደርግ ዘመነ መንግሥት ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ትብብር በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቋመ። «ቤላሩስ» የተባለው፣ በሚንስክ ከተማ የሚሠራው ትራክተር በመንግሥት እርሻዎችና በአምራች ማኅበራት ዘንድ ተስፋፋ። ከዚሁ ጎን የእንግሊዝ «ፐርኪንስ» ሞተር የሚገጠምለት «ማሲ ፈርጉሰን» ይታወቃል። ዛሬም በየገጠሩ ከዛፍ ሥር ቆመው የምናያቸው አሮጌ ትራክተሮች አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ ወገን ናቸው።

ለምሳሌ «ኤምቴዜ 80» የሚባለው ቤላሩስ የተሸከመው ሞተር «ዴ 240» ይባላል። አራት ሲሊንደር፣ 4.75 ሊትር ይዘት፣ ወደ 80 የፈረስ ጉልበት አለው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጣዊ ስፋት 110 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 125 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱት 1፣ 3፣ 4፣ 2 በሆነ ተራ ነው። ይህ ሞተር በኤሌክትሮኒክስ አይታዘዝም። በመፍቻ የሚፈታ፣ በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ስለሆነ ለተማሪ ይመቻል።

፪. የናፍጣ ሞተር እንዴት ይሠራል

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. አስቦ በ1897 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ከተማ በተግባር ያሳየው ሐሳብ ቀላል ነው። አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ ሲሞቅ ያውቀዋል። በዴ 240 ሞተር ውስጥ አየሩ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይዘቱ ሲታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚህ በጋለ አየር ላይ ናፍጣ እንደ ጉም ሆኖ ሲረጭ ያለ ክብሪትና ያለ ካንዴላ በራሱ ይቀጣጠላል።

ሥራው በአራት እርምጃ ይፈጸማል። በመጀመሪያ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል። በሁለተኛው ወደ ላይ ሲመለስ አየሩን ያምቃል። በሦስተኛው ናፍጣው ተረጭቶ ሲቃጠል ፒስተኑን በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል፤ ጉልበት የሚገኘው በዚህ እርምጃ ብቻ ነው። በአራተኛው ጭሱን ያስወጣል።

ከዚህ የምንረዳው የናፍጣ ሞተር ሦስት ነገሮችን ብቻ እንደሚሻ ነው። እነርሱም ንጹሕ አየር፣ በትክክለኛው ጊዜና ግፊት የሚረጭ ንጹሕ ናፍጣ፣ እንዲሁም የማያፈስ መታመቅ ናቸው። ሞተሩ አልነሣም ካለ ከሦስቱ አንዱ ጎድሏል። በዚህ ላይ በቂ ፍጥነት ያለው ማስነሻ ያስፈልጋል፤ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ካዞረው አየሩ ሳይግል ሙቀቱን ለብረቱ ያስረክባልና። ይህን አራት ነገር በቃሉ የያዘ ሰው የትምህርቱን ግማሽ ይዟል።

፫. ሳይፈቱ መመርመር

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በጥገና ሥራ የሚበዛው ጥፋት የሚመጣው ካለማወቅ ይልቅ ምክንያቱ ሳይታወቅ መፍቻ ከማንሣት ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ዋጋ ከሌለው ወደ ውዱ ይሁን።

ሞተሩ ከተነሣ ጭሱን ተመልከቱ። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ያመለክታል። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ፣ ኖዝሉ በመርጨት ፈንታ እያንጠባጠበ፣ ወይም ትራክተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። የፒስተን ቀለበቶች፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው፣ ወይም የቫልቮላ መምሪያዎች አርጅተዋል ማለት ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ለጥቂት ጊዜ ቢታይ አያስደነግጥም። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ግን ወይ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ ወይ ውኃ ወደ ሲሊንደር ገብቷል።

ቀጥሎ ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ አውጥታችሁ እዩ። የማኪያቶ መልክ ከያዘ ውኃ ተቀላቅሎበታል፤ ሞተሩ ከዚያ ወዲያ አንድ ዙር እንኳ መዞር የለበትም። ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ደግሞ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ብትከፍቱና ጭስ እንደ ወናፍ በኃይል ቢተፋ፣ መታመቁ በፋሻዎቹ በኩል ወደ ታች እያመለጠ ነው።

በቤላሩስ ሞተር ላይ አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። ዘይቱን የሚያጣራው በፍጥነት የሚሽከረከር ማጣሪያ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ለሚያህል ጊዜ የንብ ድምፅ የመሰለ እምምታ ይሰማል። ድምፁ ከጠፋ ማጣሪያው በጭቃ ተሞልቷልና ተፈትቶ ይጽዳ።

አሁን አንድ ሁኔታ እናስብ። ትራክተሩ ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል። ግማሽ ሰዓት ካረሰ በኋላ ጉልበቱ እየደከመ ይጠፋል። ጥቂት ካረፈ በኋላ እንደገና ይነሣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ኢንጀክሽን ፖምፓው ሞቷል» ይላል፤ ፖምፓውን ማሠራት ደግሞ ከጥገናዎች ሁሉ ውዱ ነው። አስተዋይ ሰው ግን በመጀመሪያ የናፍጣ ታንከሩን ክዳን ይከፍታል። በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነች፣ ናፍጣው ሲቀንስ በቦታው አየር ስለማይገባ ናፍጣ መውረዱን ያቆማል። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይጠፋ ከሠራ ሕመሙ ተገኘ፤ መድኃኒቱም አንዲት ቀጭን ሽቦ ናት። ካልሆነ ወደ ማውረጃው ቱቦ፣ ከዚያ ወደ ፊልትሮው፣ ከዚያ ወደ መመገቢያው ፖምፓ እንሄዳለን። ኢንጀክሽን ፖምፓው የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው።

፬. በራስ እጅ የሚሠራው

ሀ. ባትሪና ማስነሻ። የባትሪው አፎች ላይ የሚወጣው ነጭና አረንጓዴ ዝገት በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ይጠበቅ። ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደው ገመድ የታሰረበት ቦታም እንዲሁ ይፋቅ። «ሞተሪኖው ደከመ» የተባለ ብዙ ጊዜ የሚድነው በዚህ ነው።

ለ. አየር። የጎብዬ የበጋ አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ያለ ማጣሪያ ወደ ሞተር የገባ አቧራ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ፒስተንና ሲሊንደርን ይበላል። በአሮጌዎቹ ቤላሩሶች የአየር ማጣሪያው ከሥሩ ዘይት የሚያዝበት ሳሕን አለው። በአቧራ ወቅት ሳሕኑ በየዕለቱ ይታይ፤ ዘይቱ ወፍሮ ጭቃ ከሆነ ታጥቦ ይለወጥ። ከማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያለው ጎማ ቢሰነጠቅ ማጣሪያው ከንቱ ነውና ማሰሪያዎቹ ሁሉ ይፈተሹ።

ሐ. ናፍጣ። ናፍጣ በበርሜል ወይም በጀሪካን ሲመጣ ውኃና ዝቃጭ ይዞ ይመጣል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይርጋ፣ ከበርሜሉ ግርጌ ያለው አይቀዳ፣ በጥሩ ወንፊትና በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ይግባ። ታንከሩ ማታ ከሥራ በኋላ ቢሞላ ይመረጣል፤ ባዶ ታንከር በሌሊት ቅዝቃዜ ውስጡ ጤዛ ይይዛልና።

መ. አየር ከናፍጣ መስመር ማስወጣት። ናፍጣው ካለቀ ወይም ፊልትሮ ከተለወጠ በኋላ በመስመሩ ውስጥ አየር ይቀራል። አየር ይታመቃል እንጂ እንደ ናፍጣ ግፊት አያስተላልፍምና ሞተሩ አይነሣም። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የታንከሩ መክፈቻ ይከፈታል። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን ይላላል። የእጅ ፖምፓው ፈጥኖ ይመታል። አረፋ የተቀላቀለበት ናፍጣ መውጣቱ ቀርቶ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲፈስ ብሎኑ ይጠብቃል። ቀጥሎ በኢንጀክሽን ፖምፓው ላይ ያለው ማስወጫ በዚሁ አኳኋን ይሠራል። በመጨረሻ የኖዝሎቹ ቱቦዎች ዳዶ በትንሹ ላልቶ ሞተሩ በማስነሻ ሲዞር፣ ናፍጣ በየቱቦው ሲታይ ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ።

ሠ. ውኃና ሙቀት። ጎብዬና ቆቦ ቆላ ቢባሉም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸው ስለሆኑ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው አርጅቶ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ቶሎ ያፈላል። ስለዚህ ለክዳኑ፣ ለቬንትላቶሩ ቺንጋና በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ለሚጠራቀመው ገለባ ትኩረት ይሰጥ። የፈላ ራዲያተር ወዲያው አይከፈትም። ቀዝቃዛ ውኃም በጋለ ሞተር ላይ አይጨመርም፤ ቴስታታውን ይሰነጥቀዋልና።

ረ. ቴስታታ ማንሣት። ውኃ እየጠፋ፣ ነጭ ጭስ እየወጣ፣ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ይህን ሥራ ጠንቃቃ ሰው በደብር ግቢ ውስጥ ሊሠራው ይችላል። የሚሠራው በጥላ ሥር፣ ነፋስ በማይደርስበት ቦታ ይሁን። እያንዳንዱ የሚፈታ ዕቃ በተራው በጨርቅ ላይ ይደርደር፣ ምልክት ይደረግበት፣ ቢቻል በስልክ ፎቶ ይነሣ። ቫልቮላ የሚገፉት ዘንጎች ከየቦታቸው ሳይለዋወጡ ይቀመጡ። የተከፈተ ቀዳዳ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን።

ቴስታታው ከወረደ በኋላ ፊቱ ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያ ይፈተን። ከማስመሪያው ሥር ብርሃን ካለፈ ተጣሟልና ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላግ። የካሚቻዎቹ ውስጣዊ ግድግዳም በጣት ይዳሰስ። ፋሻው በሚመለስበት ከፍታ ላይ ጥፍርን የሚያቆም እርከን ከተገኘ ካሚቻው ተበልቷል፤ ፒስተን፣ ፋሻና ካሚቻ አብረው መለወጥ እንዳለባቸው ያሳያል።

ሲገጠም ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። አሮጌ ጓርኒሲዮን መልሶ መግጠም ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ብሎኖቹ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቢያንስ በሦስት ዙር፣ ጥብቀቱን በሚለካ መፍቻ ይጥበቁ። የጥብቀቱ ልክና የቫልቮላው ክፍተት ከሞተሩ መጽሐፍ ይወሰድ እንጂ በግምት አይሠራ። ሞተሩ ሠርቶ ከሞቀና ከቀዘቀዘ በኋላም መጽሐፉ በሚያዝዘው መሠረት ብሎኖቹና ክፍተቱ እንደገና ይፈተሹ።

፭. ወደ ባለሙያ የሚላከው

በራስ እጅ መሥራት መልካም ነው ስንል ሁሉን በራስ እጅ ማለታችን አይደለም። ኢንጀክሽን ፖምፓ ውስጡ ከፀጉር በሚቀጥን ክፍተት የተገጣጠመ ስለሆነ በሜዳ አይፈታም። ኖዝልም እንዲሁ ከሞተሩ ወጥቶ በመሞከሪያ መሣሪያ ይፈተናል። የዴ 240 ኖዝል ወደ 175 ከባቢ አየር የሚደርስ ግፊት ሲደርስበት መከፈት አለበት፤ ይህን በዓይን የሚያውቅ የለም። ኮሎውን መላግ፣ ለእርሱም የሚስማማ ብሮንዚን መምረጥ የቶርኖ ባለሙያ ሥራ ነው። የተሰነጠቀ ቴስታታ መበየድም እንዲሁ። ደብሩ የሚያድነው ገንዘብ ዕቃውን ራሱ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ የተጎዳውን ብቻ ለይቶ በመላኩ ነው።

፮. ከአደጋ ስለ መጠበቅ

አንደኛ፤ ከኖዝል የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። እጅ በሚረጭ ኖዝል ፊት ፈጽሞ አይደረግ። ቁስሉ እንደ መርፌ ነቁጥ ትንሽ ቢመስልም ውስጡን ስለሚመርዝ፣ የተወጋ ሰው ሕመሙ ቀላል ነው ብሎ ሳይቆይ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ሁለተኛ፤ በክሪክ ብቻ የተነሣ ትራክተር ሥር ማንም አይግባ። ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ከሥሩ ይደገፍ፣ ጎማዎቹም በድንጋይ ይታገዱ።

ሦስተኛ፤ በሚዞር ቺንጋና ዘንግ አጠገብ ነጠላ፣ ጋቢና ሰፊ እጅጌ ያለው ቀሚስ አይለበስ። ለካህናት አባቶች ይህን በአክብሮት እናሳስባለን። የሚዞር ዘንግ የጨርቅ ጫፍ ከያዘ ሰውየውን ለማዳን ጊዜ አይሰጥም።

አራተኛ፤ ዕቃ በቤንዚን አይታጠብ፤ በጥቂት ናፍጣ ይታጠብ። ከእሳት፣ ከጧፍና ከጥናም ይራቅ።

አምስተኛ፤ የናፍጣ ሞተር አንዳንዴ የራሱን ዘይት እየሳበ፣ ናፍጣው ቢዘጋም ከልክ በላይ እየፈጠነ አልጠፋም ሊል ይችላል። ከጥገና በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የአየር መግቢያውን መክደን የሚችል ጠፍጣፋ ጣውላ የያዘ አንድ ሰው ዝግጁ ሆኖ ይቁም። አየር ሲያጣ ይጠፋልና። በእጅ መዳፍ ግን አይሞከር።

ስድስተኛ፤ የተለወጠ ዘይት በጠበሉ መውረጃ፣ በመስኖ ቦይ ወይም በጉድጓድ አጠገብ አይደፋ። በራያ ቆላ ሕዝቡ የሚጠጣውና የሚያለማው ውኃ በአብዛኛው ከምድር ሥር ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ልማትም የተመሠረተው በዚሁ በከርሰ ምድር ውኃ ላይ ነው። አሮጌው ዘይት በተከደነ ዕቃ ተጠራቅሞ ለሚገለገልበት ይሰጥ።

፯. ሒሳብ፣ መዝገብና ተራ

መሣሪያው የደብሩ ነው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም። ስለዚህ ጥገናው በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ከመጀመሩ በፊት የልማት ክፍሉ ሦስት ወጪዎችን ለይቶ ይጻፍ፤ የመለዋወጫውን፣ የባለሙያውንና የመጓጓዣውን። በሌላ ወገን ትራክተሩ በአንድ ወቅት ለምእመናን የሚሰጠው አገልግሎት ቢከራዩት ምን ያህል ያስወጣ እንደነበር ይሰላ። በእኛ አስተያየት ጥገናው በሁለት የእርሻ ወቅት ውስጥ ወጪውን የማይመልስ ከሆነ፣ ትራክተሩን ሸጦ ገንዘቡን ለሌላ ልማት ማዋል የሚያሳፍር አይደለም። የቀድሞ በጎ አድራጊ የሰጠው ነው በሚል ብቻ ለማይድን ብረት የመባ ገንዘብ ማፍሰስ ስጦታውን አያከብረውም።

ለመሣሪያው አንድ መዝገብ ይኑረው። ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ የሠራበት ሰዓት፣ የተገዛው ዕቃ፣ የፈታውና የገጠመው ሰው ስም፣ የታየው ምልክት ሁሉ ይጻፍበት። ዛሬ ትራክተሩን የሚያውቀው ወጣት ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ቢሄድ፣ ለሚተካው የሚነግርለት መዝገቡ ነው። አባቶቻችን ብራናን በመንከባከብ የጻፉትን እስከ እኛ አድርሰውታል፤ የመሣሪያን ታሪክ በደብተር መያዝ ለእኛ አይከብደንም።

የተራው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ከላይ በጭላሎ ያየነው ታሪክ እንዳይደገም፣ ትራክተሩ ሲጠገን አስቀድሞ ማን ይታረስለታል የሚለው ጥያቄ ሞተሩ ሳይነሣ መልስ ያግኝ። ኮሚቴው ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው? በሬ ለሌላቸው፣ ለባልቴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን እንዲሆን እንመክራለን። መክፈል የሚችለው ይክፈል፤ ከክፍያውም የናፍጣና የመለዋወጫ ድርሻ በየጊዜው ተለይቶ ይቀመጥ። ይህ ካልሆነ ትራክተሩ በመጀመሪያው ብልሽት ተመልሶ ከዛፉ ሥር ይቆማል።

፰. ስለ ባለእጁ

በየአጥቢያችን እጁ የተፈታ ወጣት አይጠፋም። የወፍጮ ሞተር ሲፈታ ተቀምጦ የሚያይ፣ የተሰበረ ሬዲዮ የሚከፍት፣ ያልተነገረውን የሚጠይቅ። ይህን ልጅ ደብሩ ይፈልገው፤ በአቅራቢያው ወዳለ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ይላከው፣ ቢያንስ በበጋው ወራት ከአንድ ልምድ ያለው መካኒክ ጋር ያሠራው። የመፍቻ ሳጥን ይግዛለት። ከሁሉ በላይ ያክብረው። ዳግማዊ ምኒልክ ዐዋጅ ካወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ዘይት የነካውን እጅ ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ ከመካከላችን ገና ፈጽሞ አልወጣም። በሰንበት ስብከት ስለ ሥራ ክቡርነት አንድ ቃል መናገር፣ የሠራውን ወጣት በምእመናን ፊት ማመስገን ለካህናት አባቶች ቀላል፣ ለልጁ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚይዘው ስንቅ ነው።

ለሰበካ ጉባኤ የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን የቆመ ወይም በከፊል የሚሠራ የናፍጣ ሞተር አለን? የቆመበትን ምክንያት በመመርመር አውቀናል ወይስ በግምት?

2. ከአራቱ ነገሮች፣ ከአየር፣ ከናፍጣ፣ ከመታመቅና ከማስነሻ፣ የትኛውን በራሳችን መፈተሽ እንችላለን? ለየትኛውስ ባለሙያ ያስፈልገናል?

3. የመሣሪያው መዝገብ በማን እጅ ነው? የመጨረሻው ጽሑፍ መቼ ተጻፈበት?

4. እርጥበቱ በመጣ ዕለት መጀመሪያ የሚታረስላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ተዘጋጅቷል? በሬ የሌላቸውስ ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ?

5. ሙያውን እንዲማር የምንልከው ወጣት ማን ነው? ወጪውን ከየትኛው ገቢ እንሸፍናለን?

ኮሚቴዎች በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ከክረምቱ መግባት አስቀድመው እንዲወያዩና ውሳኔያቸውን በቃለ ጉባኤ እንዲይዙ እናሳስባለን። ሞተር የሚጠገነው በበጋ ነው፤ ጎርፉ ከደጋው ሲወርድ መፍቻ የሚፈልግ ደብር ዘግይቷል።